ከእንቅልፍ በኋላ ይታረማል

ባለሳጥኗ ሴት መጀመሪያ ቤታችን በመጣችበት ረቡዕ፣ ከሳጥኗ ባወጣችው ጭቃ እንቁላል የሚያህል አድቦልቡላ ለአያቴ ሰጠችውና «የፈለጉትን ይሥሩበት» አለችው። አያቴ ጭቃውን አየው፣ እሷን አያት፣ ከዚያ ወደ እኔ ዞሮ «ጉንዳኔ፣ ነይ፤ ላንቺ ነው የመጣው» አለኝ።

«ለእርስዎ ነው እንጂ ጋሼ» አለች እየሳቀች። «እጅ ሲሠራ ጭንቅላትም አብሮ ይሠራል።»

«የኔ እጅ አርባ ሁለት ዓመት ሠርቷል። ጭንቅላቴ አብሮት ሲሠራ ግን አላየሁም። ብዙውን ጊዜ ሌላ ቦታ ነበር።»

«አባዬ፣ እባክህ» አለች እናቴ ከበሩ አጠገብ።

አያቴ ለእናቴ ሲል ጭቃውን በሁለት ጣቱ ቆንጠር አደረገና ጠረጴዛው ላይ መልሶ አስቀመጠው። «ይኸው፣ ሠራሁ። ድንጋይ ነው።»

ጉንዳን የሚለኝ ከእግሩ ሥር የማይጠፋ ቁርጥራጭ ወረቀት እየለቀምኩ ስለምከምር ነው። አያቴ ጠራዥ ነበር። ዕድሜውን በሙሉ በማተሚያ ቤት መጽሐፍ ሲጠርዝ ኖሮ፣ ጡረታ ሲወጣ ከቤታችን ጀርባ ያለችውን አንድ ክፍል የራሱ መጠረዣ አደረጋት። መስኮቱ ሥር ረጅም ጠረጴዛ ነበር። ከጠረጴዛው ጫፍ ረጅም እጀታ ያለው ወረቀት መቁረጫ ማሽን ቆሟል። ግድግዳው ላይ ወስፌዎቹ በቁመታቸው ተሰልፈዋል፤ ከሥራቸው በሰም የታሸ ክር የተጠቀለለባቸው እንጨቶች። ክፍሏ የሙጫና የካርቶን ሽታ ነበራት። እኔ ያ ሽታ የአያቴ የራሱ ሽታ ይመስለኝ ነበር።

ያን ጊዜ ዘጠኝ ዓመቴ ነው። አያቴ መርሳት ከጀመረ ዓመት አልፎታል ይባላል፤ እኔ ግን መርሳት ብዬ አልያዝኩትም። መነጽሩን ሙጫ ቆርቆሮ ውስጥ ሲያገኘው «ይሄ ደግሞ መዋኘት አማረው?» ብሎ ይስቃል፤ እኔም እስቃለሁ። ጥግ ላይ ያለው ባለሱቅ ክንዱን ይዞ ወደ ቤት ሲያመጣው፣ ሽርሽር ወጥተው የተመለሱ ይመስለኝ ነበር። እናቴ ባለሱቁን አመስግና በሩን ከዘጋች በኋላ ግንባሯን በሩ ላይ አስደግፋ ትቆማለች። ደክሟት ነው እል ነበር።

ሴትየዋ የምትሠራው በአረጋውያን መዋያ ውስጥ ነበር። ማስታወስ እያቃታቸው የመጡ ሰዎችን በእጃቸው አንድ ነገር እንዲሠሩ ታደርጋለች፦ ጭቃ ማድቦልቦል፣ ባለቀለም ወረቀት ቆርጦ መለጠፍ፣ የሸሚዝ ቁልፎችን በመጠንና በቀለም መለየት። አሳባቸው ቶሎ እንዳይበተን ነው። ዛሬ ይህን አውቃለሁ። ያን ጊዜ ያየሁት ግን በሳምንት አንድ ቀን የምትመጣ፣ እርሳስና ባለቀለም ወረቀት የያዘች፣ «ጎበዝ» የምትልና ስትወጣ ደብተሯ ላይ የምትጽፍ ሴት ነው። አያቴን ትምህርት ቤት አስገብተውታል ብዬ ደመደምኩ። ትምህርት ካለ ፈተና አለ። ፈተና ካለ ደግሞ የሚወድቅ አለ።

በሁለተኛው ረቡዕ ጭቃውን ከሳጥኗ አላወጣችም።

«ጋሼ፣ መጠረዝ ያስተምሩኝ» አለችው።

«ስንት ዓመትሽ ነው?»

«ሠላሳ አንድ።»

«ረፍዶብሻል» አላት። እንዲህ ይበል እንጂ ከወንበሩ ተነስቶ ወደ ክፍሉ የመራት እሱ ነው። እኔም ተከተልኳቸው።

አራት ወረቀት አንድ ላይ ደርቦ መሃሉን አጠፈው። «ይሄ አንድ እጥፍ ነው» አላት። «መጽሐፍ ማለት እጥፍ በእጥፍ ላይ ነው።» እንዲህ እያለ ስምንት እጥፍ ሠራና ገጾቹን በተራ ቁጥር ሰጣቸው። ከዚያ በእያንዳንዱ እጥፍ ጀርባ ላይ በእርሳስ አጭር ወፍራም መስመር አደረገ። የመጀመሪያው እጥፍ መስመር ከላይ ነው፣ የሁለተኛው ትንሽ ዝቅ ይላል፣ የሦስተኛው ከዚያም ዝቅ ይላል። ስምንቱን አስተካክሎ ሲደረድራቸው መስመሮቹ ከላይ ወደ ታች የሚወርድ ደረጃ ሠሩ። ከዚያ የሁለት እጥፎችን ቦታ አቀያየረ። ደረጃው መሃሉ ላይ ተሰበረ።

«የገጽ ቁጥር ስታነቢ ዓይንሽ ሊያታልልሽ ይችላል» አላት። «ይሄ ግን ከተሰበረ ተሰብሯል። ክርክር የለውም።»

ሴትየዋ ደረጃውን በጣቷ ተከትላ ወረደች። ከዚያ በየቀኑ የሚሠራውን ሥራ እዚያው ጠረጴዛ ላይ ተስማሙ። ከምሳ በኋላ ስምንቱን እጥፎች ይደባልቃል። ጀርባቸውን ሳያይ በገጽ ቁጥራቸው ይደረድራል። ሲጨርስ ያዞርና ደረጃውን ያያል፤ የተሳሳተ ካለ በትንሽ ደብተር ይጽፋል፣ ያርማል።

«የማርመው ከእንቅልፍ በኋላ ነው» አላት። «የደከመ ሰው ካረመ ስህተቱ ሁለት ይሆናል።»

«እንደሚመችዎ።»

«እና አንቺ ረቡዕ መጥተሽ ታይዋለሽ።»

«ረቡዕ መጥቼ አየዋለሁ» አለች።

ይኸው ፈተናው አልኩ በሆዴ።

በዚያው ቀን ሴትየዋ ከመሄዷ በፊት እናቴና አጎቴ ወጥ ቤት ውስጥ ሻይ አቀረቡላት። አጎቴ የእናቴ ታናሽ ወንድም ነው፤ የጭነት መኪና ሾፌር ስለሆነ ሲያወራ ሁልጊዜ ሞተር የተነሳ ይመስል ይጮኻል። እኔ ከመጋረጃው ኋላ ቆሜያለሁ።

«ያ ማሽን አንድ ቀን ጣቱን ይወስደዋል» አለ አጎቴ። «ክፍሉ ይዘጋ። መጦሪያውም ቢሆን ወረፋ አለው፤ አሁን ካላስመዘገብነው መቼ ነው?»

«ክፍሉን ዘግተንበት ምን ሊቀረው ነው?» አለች እናቴ።

ሴትየዋ ድምፅዋ ዝግ ያለ ነው። «ስህተታቸውን…» ስትል ሰማሁ፤ ከዚያ የብርጭቆ ድምፅ፤ ከዚያ «…ድረስ እዚሁ ይቆዩ።»

መሃሉን የሰማሁት ከሠላሳ ዓመት በኋላ ነው። ሴትየዋ ጡረታ ወጥታ ነበር፤ አፈላልጌ አገኘኋትና ያን ቀን ያለችውን ጠየቅኳት። ሳታስብ ነው የመለሰችልኝ፤ ለሁሉም ቤተሰብ የምትለው ነገር ስለነበረ። «ስህተታቸውን ራሳቸው እስካዩት ድረስ እዚሁ ይቆዩ ነው ያልኩት። መሳሳታቸው አያስፈራኝም ነበር። ቢሳሳቱም ባይሳሳቱም ለኔ ያው ነው። የምፈልገው እንዲያዩት ነው።»

እኔ ግን ከመጋረጃው ኋላ የገባኝ፣ ስህተት ከተገኘ ክፍሉ እንደሚዘጋና አያቴ እንደሚሄድ ነው።

በማግስቱ ከትምህርት ቤት ስመለስ አያቴ ተኝቷል። እናቴ ጎረቤት ዘንድ ናት። ክፍሉ ገባሁ። ስምንቱ እጥፎች ጠረጴዛው ላይ ተደርድረዋል፤ አንዱ ጣት በሚያህል ወጣ ብሏል። ጀርባቸውን አየሁ። አምስተኛውና ስድስተኛው ቦታ ተቀያይረዋል።

በትምህርት ቤት ጓደኛዬ የሒሳብ ፈተና ላይ ስትሳሳት አይቼ የማልነግራት ጊዜ የሚሰማኝ ዓይነት ፍርሃት አልነበረም። አያቴ ነው። ሁለቱን አቀያየርኩና የወጣውን ወደ ውስጥ ገፋሁት። ደረጃው ልክ ሆነ። መነጽሩ እንዴት እንደተቀመጠ፣ እርሳሱ ወዴት እንደዞረ አስቀድሜ አይቼ ስለነበር ሁሉን እንደነበረ ተውኩ። ጠረጴዛው ላይ ያለችውን ትንሽ ደብተር ግን አልነካኋትም። የሰው ደብተር መግለጥ ነውር ነው ተብዬ ነው ያደግኩት።

የአያቴ ደብተር አሁን እኔ ዘንድ ናት። ያን ቀን ገልጬ ቢሆን ኖሮ የማነበው ይህን ነበር፦ «5 እና 6 ተቀያይረዋል። 6ን ወጣ አድርጌዋለሁ። ከእንቅልፍ በኋላ ይታረማል።»

አይቶት ነበር። ፈተና ከነበረም አልፎ ነበር።

ከእንቅልፉ ሲነሳ ተከትዬው ገባሁ። ደረጃውን አየና ቆመ። አንገቱን አዘነበለ። መነጽሩን አወለቀ፣ በሸሚዙ ጠረገ፣ መልሶ አደረገ።

«አርሜው ነው የተኛሁት?» አለ።

«አርመኸው ይሆናላ» አልኩት።

«እንዲያ ከሆነ ጎበዝ ነኝ» አለና ሳቀ። እኔም ሳቅኩ። ፈተናውን አብረን ያለፍን መስሎኝ ደስ አለኝ።

ከዚያ በኋላ በየቀኑ ገባሁ። ስህተት የሌለበት ቀን ነበር፤ ያን ቀን ምንም ሳልነካ እወጣለሁ። አንድ እጥፍ የተሳሳተበት ቀን ነበር፤ ሦስት የተሳሳተበትም። ደብተሯ ላይ የዚያ ሳምንት ጽሑፍ እንዲህ ይላል፦

«ዓርብ። 3 እና 4። ከእንቅልፍ በኋላ፦ ልክ ነው። እኔ አልነካሁትም።»

«ቅዳሜ። 7 ከ2 ሥር ገብቷል። ከእንቅልፍ በኋላ፦ 7 ቦታው ነው። ማን?»

«ሰኞ። ስህተት የለም። ከእንቅልፍ በኋላም የለም።»

«ማክሰኞ። ሆን ብዬ 1ን ከመጨረሻ አደረግሁ። ከእንቅልፍ በኋላ፦ 1 ከላይ ነው።»

ማክሰኞን በደንብ አስታውሰዋለሁ። የመጀመሪያው እጥፍ መጨረሻ ላይ ሲሆን አያቴ በጣም ባሰበት ብዬ እንባዬ መጥቶ ነበር።

ዛሬ የምሠራው በቤተ ሙከራ ነው፤ ሌሎች የለኩትን መመርመር ሥራዬ ነው። ሆን ተብሎ የተደረገ ስህተት ከሁሉ የተሻለ መፈተኛ ነው። አያቴ ስሙን ሳያውቀው ያደረገው ይህንኑ ነው። የለካውን ያበላሸሁበት እኔ ነኝ።

ረቡዕ ሴትየዋ መጣች። እጥፎቹን አየች፣ ደረጃው ያማረ ነው። ከዚያ የአያቴን ደብተር ስታነብ ፊቷ ላይ የነበረው ፈገግታ ሄደ።

«ጋሼ፣ እዚህ ስህተት እንዳለ ጽፈዋል። ግን ልክ ናቸው።»

«ልክ አልነበሩም።»

«ማን አረማቸው ታዲያ?»

አያቴ ድምፁን ዝቅ አደረገ። «ክፍሌ ውስጥ ሰው ይገባል።»

ማታ ራት ላይ አጎቴ ሰማ። «ምን ወሰደ?» አለ።

«ምንም አልወሰደም። ያስተካክላል።»

አጎቴ ሳቁን መቆጣጠር አቃተው። «ወይ ሌባ! እኔ ቤትም ይላክልኝ፤ ጋራዡን ያስተካክልልኝ።»

እናቴ አልሳቀችም። አጎቴን አየችው፤ እሱም አያት፤ ሳቁ ጠፋ። እንዲህ ተያይተው ዝም ሲሉ ምን እንደሚነጋገሩ አላውቅም ነበር። አያቴ ግን ያወቀ ይመስለኛል። ማንኪያውን አስቀመጠና ሁለቱን ተራ በተራ አያቸው።

በነጋታው የክፍሉ በር ላይ አንድ ነገር አየሁ። በመዝጊያውና በመቃኑ መካከል፣ ከጉልበቴ ከፍታ ላይ፣ የሰም ክር ቁራጭ በሁለት ጠብታ ሙጫ ተለጥፏል። በሩን የከፈተ ሰው ሳያውቅ ክሩን ይነቅለዋል። ወዲያው ገባኝ፤ ማለትም የገባኝ መሰለኝ፦ ወጥመዱ ክፍሉን ሊዘጋ ለሚፈልገው ለአጎቴ ነው። አያቴ አጎቴን ሊይዘው ነው። ወጥመዱ እንዳይበላሽበት ብዬ የክሩን አንድ ጫፍ በጥፍሬ ቀስ አድርጌ አነሳሁት፤ ገብቼ እጥፎቹን አስተካከልኩ፤ ስወጣ ከራሱ ከሙጫ ቆርቆሮ ጠብታ አምጥቼ ክሩን በነበረበት ቦታ መልሼ ለጠፍኩት። የጠብታውን መጠን ሳይቀር አስተውዬ ነበር። ዝርክርክ ልጅ ብሆን ኖሮ አያቴ ይድን ነበር።

ቀጥሎ ተንጠልጣይ ቁልፍ ገዝቶ አስገባ። ቁልፉን ኮቱ ኪስ ይከተዋል፤ ኮቱን አልጋው አጠገብ ያለ ወንበር ላይ ይሰቅለዋል። አያቴ ሲተኛ አፉን ከፍቶ ነው፤ ኪሱ ውስጥ እጄን ሳስገባ አንድም ቀን አልነቃም።

አንድ ቀን ከሥራው ቀና ብሎ ጠራኝ። «ጉንዳኔ፣ ክፍሌ ውስጥ ሰው ሲገባ አይተሻል?»

«አላየሁም» አልኩት። ውሸት አልመሰለኝም። ሲገባ ያየሁት ሰው የለም።

«እርግጠኛ ነሽ?»

«እርግጠኛ ነኝ።»

ጭንቅላቱን ነቀነቀ። እኔን አልጠረጠረም። በዚያ ሁሉ ማጣራት ውስጥ ያልገባሁት እኔ ብቻ ነኝ፤ ከእሱ ጋር ከሚቆሙት ውስጥ የተረፍኩት እኔ ብቻ ስለሆንኩ ይመስለኛል።

ከዚያ የቀን እንቅልፉን ተወ። ወንበር አውጥቶ የክፍሉ በር ላይ ይቀመጣል። ፀሐይ ሲመታው ባርኔጣውን ያደርጋል፣ ሲያንቀላፋ ብንን ብሎ በሩን ያያል። ምሳ እዚያው ይዘንለት እንሄዳለን፤ ግማሹን ይበላል፣ ግማሹን ይረሳዋል። እንቅልፍ ያጣ ሰው ነገር ይብስበታል። የሳምንቱ ቀን ይምታታበታል፣ ምድጃ ለኩሶ ይተዋል፣ እናቴን በእናቷ ስም ይጠራታል። ስህተቱም በዛ፤ ዘወር ባለባት ቅጽበት እየገባሁ የማስተካክለውም በዛ። አንድ ጊዜ መጸዳጃ ቤት ደርሶ እስኪመለስ ድረስ አምስት እጥፍ አስተካከልኩ። እንዲህ ፈጥኜ ስሠራ በራሴ እኮራ ነበር።

ያን ዕለት ተመልሶ ሲያየው ጮኸ። እንዲህ ሲጮኽ ሰምቼው አላውቅም። እናቴ በእጇ እርጥብ ልብስ እንደያዘች ሮጣ መጣች።

«አንቺ ነሽ!» አላት። «ከኋላዬ እየገባሽ የምታሳብጂኝ አንቺ ነሽ!»

«አባዬ፣ እኔ እዚያ ልብስ ላይ ነኝ፤ ይኸው…»

«ወንድምሽ ነው የላከሽ! ክፍሌን ፈልጋችሁ ነው። እቃዬን ፈልጋችሁ ነው።»

«እኛ ምን እናደርገዋለን አባዬ? አምላኬን…»

«አትማይብኝ!» ብሎ እጥፎቹን በእጁ ጠረጋቸው። መሬት ላይ ተበተኑ። እኔ ጉንዳን አይደለሁ? ተንበርክኬ መልቀም ጀመርኩ። እናቴ ክንዴን ጎትታ አስነሳችኝ።

ሐኪም ዘንድ ወሰዱት። ሐኪሙ «ሰው ይገባብኛል» የሚለውን ሲሰማ ብዙ አልጠየቀም፤ እንዲህ ያለ ነገር በሽታው ሲገፋ የተለመደ መሆኑን ነገራቸውና ማታ ማታ የሚወሰድ ኪኒን አዘዘ። ለሐኪሙ አልፈርድበትም። አንድ ሽማግሌ ምንም የማይሰርቅ፣ ክር የማይነቅል፣ ቁልፍ የማይሰብር፣ ስህተት ብቻ እያረመ የሚሄድ ሰው ይገባብኛል ቢለኝ እኔም ያንኑ እል ነበር።

ከኪኒኑ በኋላ አያቴ ዝም አለ። ዝምታው ሁሉንም አሳረፋቸው።

ባለሳጥኗ ሴት ግን አላረፈችም። አንድ ረቡዕ እናቴ ሻይ ስታፈላ እኔን ግቢው ውስጥ አገኘችኝ። ከፊቴ ቁጢጥ አለች፤ ዓይኗ ከዓይኔ እኩል ሆነ።

«የኔ ቆንጆ፣ አንቺ እዚያ ክፍል ገብተሽ ታውቂያለሽ? አያትሽ በሌሉበት?»

እዚህ ቦታ ላይ ብዙ ጊዜ ቆሜ አውቃለሁ። ያቺ ልጅ «አዎ» ብትል ምን እንደሚሆን በአእምሮዬ ደጋግሜ ሠርቼዋለሁ፤ ሁልጊዜ ውጤቱ አንድ ነው፦ አያቴ በዚያ ዓመት ቤቱ ይቆያል። ምን ያህል ጊዜ እንደሆነ አላውቅም። አንድ ዓመት፣ ሁለት ዓመት። በሽታው እውነተኛ ነበር፣ እየሄደም ነበር። ግን ሰው ይገባብኛል ባይ ሆኖ ሳይሆን፣ የሚያየውን የሚያምን ሰው ሆኖ ይቆይ ነበር።

ልጅቷ የምታየው ግን ፈታኟን ነው። እየጠየቀች ያለችው አያቴ ኮርጆ እንደሆነ ነው።

«ገብቼ አላውቅም» አልኩ። «እሱ ብቻውን ነው የሚሠራው። ሁሉንም ልክ ነው የሚሠራው።»

ሴትየዋ ፀጉሬን ዳበሰችኝና ተነሳች። ጉልበቷ ቋ ሲል እንደሰማሁ ትዝ ይለኛል።

በአያቴ ደብተር የመጨረሻው ጽሑፍ የዚያ ሳምንት ነው። እንዲህ ይላል፦ «ቁልፉ ኪሴ ውስጥ ነው። ክሩ እንዳለ ነው። ልጅቷም አላየችም። እንግዲህ ከእኔ በቀር የገባ የለም።»

መጦሪያው ውስጥ አልጋ ተገኘ ተባለ። እናቴ አልጋው ላይ ሻንጣ ከፍታ የአያቴን ሸሚዞች ታጥፍ ነበር። ያን ጊዜ ነው ነገሩ ያልገባኝ መሆኑ የገባኝ። ሁሉን ልክ አድርጌያለሁ፤ አንድም ስህተት አልተገኘም፤ ታዲያ ለምን ይሄዳል?

«እማዬ፣ አልወደቀም እኮ» አልኳት።

«ማን ነው የወደቀው?»

«አባባ። አንድም ቀን አልተሳሳተም። የተሳሳተውን ሁሉ እኔ አስተካክዬለታለሁ።»

እጇ ሸሚዙ ላይ ቆመ።

ሁሉንም ነገርኳት። ክሩን፣ ሙጫውን፣ የኮቱን ኪስ። ስነግራት ትዕግሥት አጥቼ ነበር፤ ይህን ሰምታ ሻንጣውን ትዘጋለች ብዬ ነው። እናቴ ቀስ ብላ አልጋው ጫፍ ላይ ተቀመጠች። ሸሚዙ ጭኗ ላይ ነው። ከሳሎን የአጎቴ ድምፅ ይሰማል፤ በስልክ መኪና ለነገ እየጠየቀ ነው።

«ነይ» አለችኝ። ስሄድ ጭንቅላቴን ደረቷ ላይ አስጠጋችው።

«ለአጎትሽ እንዳትነግሪ» አለችኝ። «ለማንም።»

«ግን አባባ…»

«የኔ ልጅ፣ ትናንት ምድጃውን ለኩሶ ረስቶታል። ከትናንት ወዲያም። ተኝቼ አላውቅም። ስንት ወር ነው ያልተኛሁት?» እኔን አይደለም የምትጠይቀው። «አሁን ይሄን ብናወራ ምን ይሆናል? እንደገና ከመጀመሪያው? አልችልም። አልችልም በቃ።»

ከዚያ ሸሚዙን አጠፈችና ሻንጣው ውስጥ አስገባችው። ለረጅም ጊዜ ስለዚህ ቀን ይቅር አላልኳትም ነበር። ዛሬ እኔ ራሴ እናቴን የማስታምም ሰው ሆኜ፣ ያን ሸሚዝ ምን ያህል ቀጥ አድርጋ እንዳጠፈችው ብቻ ነው የማስበው።

መጦሪያው ሰፊ አዳራሽ ነበረው። አያቴ በገባ በሁለተኛው ወር አንድ እሑድ እናቴ ወሰደችኝ። አዳራሹ መሃል ረጅም ጠረጴዛ ተቀምጦ አሥር የሚሆኑ አረጋውያን ዙሪያውን ይዘዋል። ወረቀት በመቀስ ይቆርጣሉ፣ ይለጥፋሉ። አንዲት አሮጊት ሰማያዊ ወረቀት ብቻ እየመረጡ ሌላውን ወደ ጎረቤታቸው ይገፋሉ፤ ጎረቤታቸውም «ለኔ የተረፈውን ነው የምትሰጪኝ» ብለው ይቆጣሉ። አያቴ ከጠረጴዛው ጫፍ ነው። ጺሙን ሌላ ሰው ላጭቶታል፤ ከአገጩ ሥር ትንሽ ተረስቶ ቀርቷል። ከፊቱ የተቀደደ መጽሔት ገጾች አሉ። እናቴ ከኃላፊዋ ጋር ልትነጋገር ስትሄድ አጠገቡ ተቀመጥኩ።

«አባባ፣ እኔ ነበርኩ» አልኩት።

«ምኑን?»

«ክፍልህ ውስጥ የምገባው። እጥፎቹን የማስተካክለው። ስትተኛ ነው። ክሩን በጥፍሬ አንስቼ መልሼ እለጥፈው ነበር። ቁልፉን ከኮትህ እወስድ ነበር። እንዳትወድቅ ብዬ ነው።»

የሙጫ ብሩሹን አስቀመጠ። ዞሮ አየኝ። ያን አተያይ አውቀዋለሁ፤ አንድ ነገር ሲያጣራ አንገቱን የሚያዘነብልበት። አሁን ይቆጣኛል፣ ይገርፈኛል፣ ከዚያ ተነስቶ ለሁሉም ይነግራል ብዬ ጠበቅኩ። እንዲቆጣኝ በጣም ፈልጌ ነበር።

«ማን ነው እንዲህ በይ ያለሽ?» አለኝ።

«ማንም። እውነቴን ነው።»

«እናትሽ ናት?»

«አይደለችም! እኔ ነኝ አባባ፣ ራሴ ነኝ።»

ዙሪያውን አየና ወደ እኔ ጎንበስ አለ። ድምፁ ለስላሳ ነበር፤ ሕፃን ሆኜ ስወድቅ የሚያባብለኝ ዓይነት። «አየሽ ጉንዳኔ፣ መጀመሪያ እኔም እንዳንቺ ሰው ነው ብዬ ነበር። ብዙ ሰው አስቀይሜያለሁ በዚህ። ሰው አልነበረም። እኔው ነኝ አርሜ የምረሳው። ሐኪሙም ነግሮኛል፣ እናትሽም፣ ያቺም ባለሳጥን ልጅ። አሁን ገብቶኛል። አንቺ ለኔ ብለሽ አትዋሺ፤ መዋሸት ጥሩ አይደለም።»

«አልዋሸሁም» አልኩ፤ እያለቀስኩ ነበር።

«በቃ፣ በቃ» አለና በሙጫ የተበከለ ጣቱን ከፊቴ አርቆ በክንዱ እንባዬን ጠረገልኝ። ከዚያ ወደ ወረቀቶቹ ተመለሰ። አንዱን አነሳ፣ ሌላውን አነሳ፣ ሁለቱን ጎን ለጎን አስቀመጣቸው፣ እያየ ቆየ። በመጨረሻ ሁለቱንም ወደ እኔ ገፋቸው።

«የቱ ነው የሚቀድመው?» አለኝ።

በጣቴ አሳየሁት።